ሁለተኛው ምስክርነት

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

«አሜዚንግ ግሬስ» የሚባለውን መዝሙር ያልሰማ ክርስቲያን ያለ አይመስለኝም። ታሪኩንም ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፦ ጆን ኒውተን የሚባል ባሪያ ነጋዴ ነበር፣ ባሕር ላይ ማዕበል መታው፣ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፣ ዳነ፣ ንግዱን እርግፍ አድርጎ ተወ፣ መዝሙሩን ጻፈ። እኔ ራሴ በወጣቶች ፕሮግራም ላይ ስንቴ እንዲህ አድርጌ ተርኬዋለሁ! ክፍል ውስጥም የአትላንቲክን የባሪያ ንግድ ሳስተምር ጣል አደርገው ነበር።

አንድ ቀን ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ እሱ ላይ ሆኖ ሲጸልይ ከታች የታሰሩትስ ይጸልዩ ነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። የምተርከው ታሪክ ግማሹ ስህተት ሆኖ አገኘሁት።

ማዕበሉ እውነት ነው። ማርች 1748 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኒውተን 22 ዓመቱ ነው፣ መርከበኞች እንኳን የሚሸማቀቁበት ተሳዳቢ። ግሬይሀውንድ የምትባለው መርከብ ሌሊት ጎኗ ተሰበረና ውሃ ሲቀዱ አደሩ። ሳያስበው ከአፉ «እግዚአብሔር ይማረን» የሚል ቃል ወጣ። ያችን ቀን እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ ያስባት ነበር። በነገራችን ላይ በዚያ ጉዞ የተጫነ ባሪያ አልነበረም፤ ጭነቱ የዝሆን ጥርስና ሰም የመሳሰለው ነበር።

የታሰሩት የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። እኔን ያስደነገጠኝም ይሄ ነው። ኒውተን የባሪያ መርከብ ካፒቴን የሆነው ከማዕበሉ በፊት ሳይሆን በኋላ ነው፤ ከ1750 እስከ 1754 ሦስት ጉዞ አድርጓል። እሁድ እሁድ መርከበኞቹን ሰብስቦ ጸሎት ይመራል፣ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባል። ከእግሩ ሥር ሰዎች በሰንሰለት ታስረው ተኝተዋል። የጉዞ መዝገቡ እስከ ዛሬ አለ። የሞተውን ሰው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው የመዘገበው። አመፅ ተጠነሰሰ ብሎ ሲጠረጥር፣ ልጆችን በአውራ ጣት መጭመቂያ ብረት አስጨንቆ እንዳናዘዛቸው በገዛ እጁ ጽፏል። ባሕሩን በ1754 የተወውም ሕሊናው ወቅሶት አይደለም። ድንገት ሕመም ጣለው፣ በቃ።

በ1764 ቄስ ሆነ፣ በዚያው ዓመት የሕይወት ምስክርነቱን አሳተመ። ስለ ስድቡ፣ ስለ ክህደቱ፣ እሱ ራሱ አፍሪካ ውስጥ በአንድ ነጭ ነጋዴ እጅ ስለተራበበት ጊዜ፣ ስለ ማዕበሉ ይተርካል። ስለ ባሪያ ንግዱ ግን፣ ሥራው እንደ ወህኒ ቤት ጠባቂነት ይከብደኝ ነበር፣ ኃጢአት ይሆን ብዬ ግን አልተጠራጠርኩም ነበር ይላል። መጽሐፉን ሰው ወደደው። መዝሙሩም የተጻፈው ከማዕበሉ ወደ 25 ዓመት ቆይቶ፣ በ1772 መጨረሻ፣ ለአዲስ ዓመት ስብከት ነው። (ዜማው የእሱ አይደለም። ግጥሙ ዛሬ ከምናውቀው ዜማ ጋር የተጋጠመው አሜሪካ ውስጥ በ1835 ነው።)

ከዚያ 1788 መጣ። ኒውተን አርጅቷል፣ በለንደን የተከበረ ሰባኪ ነው፣ ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም። ስለ አፍሪካ ባሪያ ንግድ ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። ዘግይቶ የመጣ ኑዛዜ ነው፣ ሳስበው አፍራለሁ አለ። ሰዎቹ መርከብ ውስጥ እንዴት እንደሚታጨቁ፣ ሴቶቹ በመርከበኞች እጅ ምን እንደሚደርስባቸው፣ ያየውንና ያደረገውን ጻፈ። በመንግሥት መርማሪዎች ፊትም ቀርቦ መሰከረ። ንግዱን የሚያግደው የእንግሊዝ ሕግ የጸደቀው ማርች 1807 ነው፤ እሱ የሞተው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ።

ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ግብዝ ነበር ማለት ነው» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። የ1764ቱም ምስክርነት ውሸት አይደለም። ግን እዚያ ላይ የሚያለቅሰው እሱ ነው፣ የተጎዳውም እሱ፣ የዳነውም እሱ። በሁለተኛው ላይ የሚያለቅሱት ሌሎች ናቸው። ለእኔ የእግዚአብሔር ሥራ በጉልህ የሚታየኝ ከማዕበሉ ሌሊት ይልቅ እዚህ ላይ ነው፤ 40 ዓመት ፈጀ እንጂ።

ይሄ ነገር እንቅልፍ የነሳኝ ለኒውተን ብዬ አይደለም።

የእኔን ምስክርነት የሰማችሁ አላችሁ። ኮሌጅ እያለሁ መጠጥና ጫት፣ ከክፍል መጥፋት፣ ከዚያ ጌታ እንዴት እንዳገኘኝ። ሁሉም እውነት ነው። ያልተናገርኩት፣ የጠጣሁበት ብር ከየት እንደመጣ ነው። ታላቅ እህቴ ቤሩት ሰው ቤት እየሠራች «ለትምህርቱ» ብላ የምትልከው ነበር። ከተመለሰች በኋላ አንድ ጊዜ ስመሰክር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ሰምታኛለች። ስወጣ «ጎሽ፣ ጥሩ ተናገርክ» አለችኝ፣ ሌላ ምንም አላለችም።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩላት። «እታለም፣ ያኔ የላክሽው ብር ትምህርት ላይ አልዋለም» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ፣ «አውቃለሁ እኮ ወንድሜ። አንተ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው» አለችኝ።

በሚቀጥለው ወር እንድመሰክር ተጠርቻለሁ። እሷም ትመጣለች።