ዕጣና ደንብ፦ የማይደገሙ የጨዋታ ደረጃዎች ታሪክ ከጭላሎ ግርጌ ሲታይ



የቪዲዮ ጨዋታ ለታሪክ ጉባኤ የሚበቃ ርዕስ ነውን? ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ የገበጣ ጨዋታዎች ሰፊ ጥናት ሲያሳትሙ እጅግ ብዙ የአጨዋወት ደንቦችን መዝግበዋል። ጨዋታ ደንብ ነው፤ ደንብም ታሪክ አለው። ዛሬ የምናገረው ደረጃዎቻቸውን፣ በተለምዶ ሌቭል የምንላቸውን፣ ሰው አንድ በአንድ ስለማይሥላቸው፣ ኮምፒውተሩ ግን በተሰጠው ደንብ ስለሚያበጃቸው ጨዋታዎች ነው። የምከተለውም ጥያቄ አንድ ነው፦ ሠሪው ለማሽኑ የተወው ምንድን ነው፣ ለራሱስ ያስቀረው?

እ.ኤ.አ. በ1982 ዴቪድ ክሬን ለአታሪ 2600 «ፒትፎል»ን ሲሠራ ካርትሪጁ የሚይዘው 4 ኪሎባይት ብቻ ነበር። 255 የጫካ ትዕይንቶችን እዚያ ውስጥ ማስቀመጥ አይታሰብም። ስለዚህ በሥዕሎቹ ፈንታ አጭር ቀመር አኖረ። አንዱ ቁጥር ቀጣዩን ይወልዳል፤ ጉድጓዱም ዛፉም ከቁጥሩ ይነበባል። እዚህ ላይ ዕጣ ፈጽሞ የለም፤ ጫካው ለሁሉም ተጫዋች ያው ነው። ብልሃቱን የወለደው ችግር ነበር።

ከዚያ 2 ዓመት ቀድመው «ሮግ»ን የሠሩት ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን ግን ሌላ ምክንያት ነበራቸው፦ ሠሪውን ራሱን የሚያስደንቅ ጨዋታ መሥራት። ጀግናው ከሞተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ዋሻውም ዳግመኛ ያው አይሆንም።

ይህን ሐሳብ ከሩጫና ከዝላይ ጨዋታ ጋር ያጋባው ዴሪክ ዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ያለ ትልቅ ኩባንያ ሠርቶ በነፃ የለቀቀው «ስፔላንኪ» ሊመረመር የሚገባው ሥራ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ 4 በ4 ሆኖ በ16 ክፍሎች ይከፈላል። ፕሮግራሙ ከላይኛው ረድፍ አንዱን ክፍል መግቢያ ያደርግና ከ1 እስከ 5 ዕጣ ይጥላል፦ 1 ወይም 2 ከወጣ ወደ ግራ፣ 3 ወይም 4 ከወጣ ወደ ቀኝ፣ 5 ከወጣ ወደ ታች። ዳር ሲደርስም ወደ ታች ይወርዳል፤ ከመጨረሻው ረድፍ መውረጃ ሲያጣ መውጫውን እዚያው ያኖራል። በዚህ መንገድ ላይ ያሉ ክፍሎች ሁሉ የግድ ክፍት ናቸው። ከመንገዱ ውጭ ያሉት ዝግ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለተጫዋቹ ገመድና ቦምብ የተሰጠውም ለዚህ ነው። የክፍሎቹ ንድፍ ደግሞ አስቀድሞ በሰው እጅ ተሠርቷል፤ ለዕጣው የቀረው የትኛው ንድፍ የት እንደሚገባና ጥቂት ብሎኮች እንዴት እንደሚለዋወጡ ነው።

ብዙዎች እንዲህ ያለውን ሥራ «በዘፈቀደ የተፈጠረ» ይሉታል። እኔ አልስማማም። ተጫዋቹ መውጫ እንደማያጣ የተረጋገጠው በዘፈቀደ አይደለም።

በእኛ አገር ቅኔ ጌምስ ያወጣው «ኩኩሉ» ከገበሬው የምታመልጥ ዶሮን ያስሮጣል። ስሙ ራሱ የድብብቆሽ ጥሪ ነው፤ «አልነጋም» ብሎ ያልመለሰ ልጅ በመካከላችሁ ያለ አይመስለኝም። ለስሙና ለታሪኩ ከደጃችን ርቆ መሄድ አላስፈለገም። ለመልክዓ ምድሩስ?

ከዝዋይ ሐይቅ ዳር ተነሥቶ በአሰላ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ጭላሎ የሚወጣ ሰው ቆላን ባይነካ እንኳ ወይና ደጋን፣ ደጋንና ውርጭን ያልፋል። ስንዴው ለገብሱ፣ ገብሱ ለአስታው፣ አስታው ለጅብራው ስፍራ ይለቃል። የአርሲ ገበሬ የትኛው አዝመራ እስከየት እንደሚወጣ ያውቃል፤ ይህ ለፕሮግራም ሠሪ ዝግጁ ደንብ ነው። «ስፔላንኪ»ም ከማዕድን ጉድጓድ ወደ ጫካ፣ ከዚያ ወደ በረዶ ዋሻ ሲያሻግረን ለየአካባቢው የተለየ ደንብ ይሰጣል። ተማሪዎቻችን ከገበያ የተገዛ የተራራ ንድፍ ቢጠቀሙ ግን ማሽኑ ያለ ስሕተት የሌላ አገር ጥድና የበረዶ ክምር በጭላሎ ላይ ይተክላል፤ የታዘዘው ያንን ነውና። ስለዚህ ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ አለ፦ የመጀመሪያውን ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ከአሰላ በላይ ካሉ አረጋውያን ገበሬዎች ጋር ተቀምጣችሁ የአዝመራውን ወሰን በከፍታ መዝግቡ። የግብርናና የታሪክ ተማሪዎችም አብረዋችሁ ቢወጡ መልካም ነው።