ከወረዳኔት ጀርባ የተረሳው ሊዝድ ላይን፦ ከደባርቅና ከዳባት አንጻር

የኢትዮጵያን ቴሌኮም ታሪክ በተመለከተ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስት ስለ ምኒልክ ዘመን ስልክ የጻፈው ዛሬም ያገለግላል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2003 ዓ.ም. ስለ መቋቋሙና አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተወዳዳሪዎች በር ስለ መክፈቱም ክርክር የለም። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ከተመራማሪው ኢጊኒዮ ጋሊያርዶኔ ጋር ነው።

ጋሊያርዶኔ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመው መጽሐፍ የወረዳ መሥሪያ ቤቶችንና ትምህርት ቤቶችን ያገናኙት የመንግሥት ኔትወርኮች፣ ወረዳኔትና ስኩልኔት፣ ማዕከላዊው መንግሥት ድምፁን እስከ ታች ያደረሰባቸው የአገር ግንባታ መሣሪያዎች እንደነበሩ ያስረዳል። ስለ ዓላማው የሚለውን እቀበላለሁ። ሆኖም አንባቢው መጽሐፉን ሲዘጋ በእጁ የሚቀረው የገዥው ሐሳብ ብቻ ነው፤ ነጋዴው ለብቻው የሚከራየው መስመር፣ ሊዝድ ላይን፣ ከሙግቱ ውጭ ነው። ይህ ቀላል ግድፈት አይደለም። ወረዳኔት በመነሻው ብዙ ወረዳዎችን ያገናኘው በሳተላይት ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ መልእክት ሄዶ ምላሹ እስኪመለስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይወስዳል። በቪዲዮ ስብሰባ መመሪያ ለሚሰጥ ሚኒስትር ይህ ምንም አይደለም። ከጎንደር በስተሰሜን ባለችው ዳባት በባንክ መስኮት ለተቀመጠ ሠራተኛ ግን አንዲት ሐዋላ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ደጋግማ ስትመላለስ መዘግየቱ ይደራረባል፤ ደንበኛውም «ኔትወርክ የለም» ተብሎ ይመለሳል። ለትእዛዝ የሚበቃ መስመር ለንግድ አይበቃም።

በዚህ ሙግት ችላ የተባለው ምንጭ የሊዝድ ላይን የአገልግሎት ውል ነው። በተለመደው የቤት ፋይበር አንድ መስመር ለ32 ወይም ለ64 ደንበኞች ይከፋፈላል። ሊዝድ ላይን የተከራየ ድርጅት ግን መላኪያውም መቀበያውም እኩል የሆነ ፍጥነት፣ ቋሚ አይፒ አድራሻና የአገልግሎት ዋስትና ይዋዋላል። የ99.9 በመቶ ዋስትና በዓመት ከ9 ሰዓት ያነሰ መቋረጥን ይፈቅዳል፤ 99.5 ሲሆን ወደ 44 ሰዓት ይደርሳል። እነዚያ ሰዓታት በቱሪስት ወቅት ከዋሉ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በሆነችው ደባርቅ ያለ ሎጅ ከባሕር ማዶ የሚመጣለትን ቦታ ማስያዣ ያጣል።

ከሁሉ የሚብሰው ውሉ የማይናገረው ነው። ድርጅቱ ለብቻው የሚከራየው ፍጥነቱን ነው እንጂ ገመዱን አይደለም። የባንኩም የደባርቅ ዩኒቨርሲቲም የፓርኩ ጽሕፈት ቤትም መስመር ከጎንደር በዳባት በኩል በአንድ ገመድ የሚወጣ ከሆነ፣ አንድ ኤክስካቫተር ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያጠፋቸዋል።

«ለትንሽ ከተማ ሞባይል ኢንተርኔት ይበቃል» የሚሉ አሉ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ተቋርጦ ለወራት የቆየው የሞባይል ኢንተርኔት ለዚህ በቂ መልስ ነው። እርግጥ ነው፣ ቋሚ መስመርም አይቋረጥም ማለት አይደለም። ዋጋው ውድ ነው የሚለውም ቢሆን ጎረቤት ሎጆች በጋራ ከተከራዩ ብዙ አያስኬድም።

ስለዚህ የደባርቅ ተከራይ ከዋጋ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ሁለተኛ መንገድ መኖሩን ነው። ማይክሮዌቭ ሬዲዮ ጣቢያ ከጣቢያ እንዲተያይ ይፈልጋል፤ ከደባርቅ በፓርኩ በኩል ወደ አምባራስና ጨነቅ የሚዘልቀው ከፍታ ለዚህ ሊመች ይችላል። አቅራቢው ከገመዱ ሌላ ይህንን መንገድ በመጠባበቂያነት ለማቆም፣ ለጣቢያዎቹም መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ኃይል ለማዘጋጀት በውሉ ላይ መፈረም አለበት።