ሱዋኪን፦ መርከብ ስንጠብቅ ያየናት ከተማ

እኛ የአርካዊት ነጋዴዎች የሰፈራችንን ስም በቀን ስንት ጊዜ እንደምንጠራው አይቆጠርም። ለረክሻ ነጂው፣ ለጫኝና አውራጁ፣ ከመተማ ለሚደውልልን ደንበኛ፣ ሁሌ «አርካዊት» ነው። ሌላ አርካዊት እንዳለ ያወቅነው ግን ሱዋኪን ስንወርድ ነው። ከቀይ ባሕር በላይ ባሉት ተራሮች ላይ የምትገኝ፣ በእንግሊዞች ዘመን ሹማምንቱ የቆላውን ሐሩር ሸሽተው የሚያርፉባት ነፋሻ መንደር ናት። ሹፌራችን ወደ ተራራው በእጁ እያመለከተ «አርካዊት እዚያ ናት፣ የናንተዋ ስሟን ነው የያዘችው» ሲለን ተሳሳቅን።

የሄድነው ለጉብኝት አልነበረም። አራት ሴቶች ሆነን ከጄዳ በመርከብ የሚመጣ ዕቃችንን ልንቀበል ነው የወረድነው። ዕቃውን የሚያስፈጽምልን ሰው «ዛሬ ይገባል» አለን፣ በማግስቱም «ዛሬ ይገባል» አለን። በሦስተኛው ቀን የመጋዘኑ በር ላይ መቀመጥ ሰለቸንና አሮጌዋን ከተማ እንያት ብለን ተነሣን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሮጌዋ ሱዋኪን ከየብስ ጋር በድልድይ መንገድ የተያያዘች ክብ ደሴት ናት። መንገዱን ያሠራው በ1870ዎቹ የሱዳን አገረ ገዥ የነበረው ጎርደን ነው። ትንሽ ስለሆነች ዙሪያዋን በእግር መዞር ብዙ አይደክምም። ቤቶቹ ኮራል ከሚባለው የባሕር ድንጋይ ተጠርበው የተሠሩ፣ ፎቅና የእንጨት ፍርግርግ መስኮት የነበራቸው ናቸው። አሁን አብዛኞቹ የነጭ ድንጋይ ክምር ሆነዋል። ቱርኮች ያደሷቸው ሁለት መስጊዶች ቀጥ ብለው ይታያሉ። ከዚያ ውጭ የሞላው ፍርስራሽና ድመት ነው።

የቦታው ዘበኛ የቤጃ ሽማግሌ ናቸው። ሐበሾች መሆናችንን ሲያውቁ ትኬቱን ትተው ቡና አፈሉልን። ፊታችን ቆሉት፣ ወቀጡት፣ ዝንጅብል ጨምረው በትንሽ የሸክላ ዕቃ አፈሉት። ዕቃውን እሳቸውም «ጀበና» ነው የሚሉት። ዝንጅብሉ ጉሮሮ ይቆነጥጣል፣ ስኳሩም አይጣል ነው። ሁለተኛውን ስኒ ሲቀዱልን የከተማዋን ተረት ጀመሩ። ከሐበሻ ምድር ለንጉሥ ሰሎሞን የተላኩ ሰባት ልጃገረዶች በመርከብ ሲሄዱ እዚህ ደሴት ላይ አደሩ። ሰሎሞን ዘንድ ሲደርሱ ሁሉም ነፍሰ ጡር ነበሩ፣ አድራጊውም የደሴቱ ጂኒ ነው ተባለ። ስለዚህ የከተማዋ ስም «ጂኒ ሠራው» ከሚለው ዐረብኛ መጣ ይላሉ። አንዷ ጓደኛችን ቀበል አድርጋ «ጂኒ ሳይሆን የመርከቡ ካፒቴን ይሆናል» ስትል ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ተረቱ ተረት ነው፤ የሐበሻ ሰው በዚች ደሴት ማለፉ ግን እውነት ነው። ወደ ኢየሩሳሌም የሚጓዙ መነኮሳት ከሰሜኑ ደጋ ወርደው በሱዋኪን በኩል ወደ ግብፅ ያልፉ ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ዞርዚ የተባለ የቬኒስ ሰው ከራሳቸው ከመነኮሳቱ አፍ እየሰማ የጉዞ መስመሮቹን ጽፏል። በ1555 ቱርኮች በዚህ የባሕር ዳርቻ አዲስ ግዛት ሲያቋቁሙ ስሙን «ሐበሽ» አሉት፣ የመጀመሪያ መቀመጫውም ሱዋኪን ነበረች። ምጽዋን የያዙት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ደጋው ሳይገዛላቸው ስሙን ወሰዱት ማለት ነው።

ከሁሉ የገረመን የ1541 ነገር ነው። በዚያ ዓመት በኤስቴቫዎ ዳ ጋማ የሚመራ የፖርቱጋል መርከብ ጦር ሱዋኪንን ዘርፎ አቃጠላት። ከጦሩ ጋር የነበረው ዦዋዎ ዴ ካስትሮ ከተማዋን አይቶ ከሌሎች አገሮች ጋር በመነገድ የምትወዳደራት ሊዝበን ብቻ እንደሆነች በማስታወሻው ጽፏል። እንዲያ አድንቋት ነው እንግዲህ የተቃጠለችው። ያው ጦር ከዚያ በኋላ ምጽዋ ላይ የአዛዡን ወንድም ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማን ከ400 ያህል ወታደሮች ጋር አወረደ፤ ከግራኝ አሕመድ ጋር ለሚዋጉት ለዐፄ ገላውዴዎስ ርዳታ። እኛ በትምህርት ቤት የተማርነው ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ነው። ለእኛ የታሪክ መጽሐፍ ረዳት ሆነው የገቡት ሰዎች ለሱዋኪን ነጋዴ ሱቁን ያቃጠሉ ወንበዴዎች ነበሩ። ሽማግሌው «ያን ጊዜ ተነሣች» አሉን። እውነትም ከቃጠሎው በኋላ ሱዋኪን ከ300 ዓመት በላይ ነግዳለች።

የምትነግደው ምን ነበር? ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ሰም፣ ዝባድ። ብዙው የሚመጣው እኛ ዛሬ በምንመላለስበት መስመር ነው፤ ከመተማ ገበያ በገላባት፣ በገዳሪፍ፣ በከሰላ አድርጎ ወደ ባሕር። ቡናና ሰም ስንሰማ ደስ ብሎን ነበር። ግን ዝርዝሩ እዚያ ላይ አያበቃም። ሰውም ይሸጥ ነበር። ከእኛ አገር ደጋና ጠረፍ የተነጠቁ ሴቶች፣ ልጆች፣ ወጣቶች በዚሁ መንገድ ተነድተው፣ በዚሁ ወደብ ተጭነው ወደ ጄዳ ተሻግረዋል። በ1814 ቡርክሃርት የተባለ የስዊስ ተጓዥ ከሸንዲ ተነሥቶ ሱዋኪን የደረሰው ባሮች ይዞ ከሚጓዝ የነጋዴ ቅፍለት ጋር ነው። ከሸንዲ ገበያም የሐበሻ ሴቶች ይሸጡ እንደነበር ጽፏል።

ይህን ስናወራ ሺናዊ ቤይ የተባለው ባለጸጋ በ1881 ያሠራው የወካላ ወሬ ተነሣ። ወካላ ማለት ነጋዴው ከሸቀጡ ጋር የሚያርፍበት ግቢ ነው፤ ምድር ቤቱ መጋዘን፣ ላዩ ማደሪያ። አንዷ ጓደኛችን ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ኋላ ላይ «እኛ ጄዳ ሄደን ዕቃ ገዝተን እንመለሳለን፣ እነዚያ ግን የሄዱበት አልተመለሱም» አለች። የምንመልሰው አልነበረንም። ከእኛ ነጋዴዎችም፣ ከእኛ ባላባቶችም እጁን ያላስገባ አልጠፋም፤ የመተማ ገበያ ሻጭ ባይኖረው ኖሮ የሱዋኪን ገዢ ከየት ያገኝ ነበር?

የዚያ ንግድ መከልከል ራሱ ጦር አስነሥቷል። የሱዋኪኑ ዑስማን ዲግና የነጋዴ ልጅ፣ ራሱም ነጋዴ ነበር። በ1877 እንግሊዝና ግብፅ የባሪያ ንግድን ለማስቆም ሲዋዋሉ የቤተሰቡ ንግድ ተጎዳ፤ በኋላም የማህዲ የጦር አለቃ ሆነ። ከራስ አሉላ ጋር በ1885 ኩፊት ላይ ተዋግቶ ተሸነፈ። ኩፊትን የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ የተሸነፈው ሰው የገበያ ሰው እንደነበር ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ዛሬ ዕቃችን የሚወርድበት የሱዋኪን ወደብ በስሙ ይጠራል። ሦስት ቀን ሙሉ በስሙ ሥር ቁጭ ብለን ነበር።

ከተማዋን የገደላት ግን ጦር አይደለም። ወደ ሱዋኪን የሚያስገባው ውሃ በኮራል አለት መካከል የሚጠማዘዝ ጠባብ መንገድ ነው። ለጀልባና ለሸራ መርከብ ይመቻል፤ ሱዌዝ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ለመጡት ትልልቅ የእንፋሎት መርከቦች ግን አልመች አለ። መንግሥት ወደ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሰፊ የባሕር ወሽመጥ መረጠ። በ1906 ከአትባራ የባቡር ሐዲድ ደረሰ፣ በ1909 ፖርት ሱዳን ተመረቀች። ማንም ሱዋኪንን አልዘረፈም፣ ማንም ነዋሪዋን አላባረረም። አንዱ ነጋዴ ሄደ፣ ከዚያ ጎረቤቱ፣ ከዚያ ደላላው፣ ከዚያ ዳቦ ጋጋሪው። የኮራል ቤት ደግሞ ኖራው በየጊዜው ካልታደሰ እርጥበትና ጨው ይበላዋል። ሰው ሲሄድ ቤቱም ተከተለው።

በንግድ ኮሌጅ የእርጅና ቅናሽ ስንማር መኪናና ማሽን በየዓመቱ ስንት እንደሚቀነስለት አስልተናል። መንገድ እንደሚያረጅ ግን በየትኛውም ደብተራችን የለም። መተማ ለአንድ ሳምንት ሲዘጋ ምን እንደምንሆን እናውቀዋለን፤ ጫኝና አውራጁ ይበተናል፣ ሻይ የምትሸጠዋ እቃዋን ትሰበስባለች፣ ዱቤ የወሰደው ስልኩን ያጠፋል። እዚያ ፍርስራሽ ላይ ተቀምጠን ተከራከርን። ሁለታችን «ገንዘባችንን በአንድ መስመር ላይ አናድርግ፣ ግማሹን በዱባይና በአዲስ አበባ እናዙረው» አልን። ሁለቱ ደግሞ «የምናውቀው ሰው ያለው እዚህ ነው፣ ሱዋኪንም ከመቶ ዓመት በኋላ መርከብ ተመልሶላት የለም እንዴ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጄዳ የሚሻገረው ሐጃጅና ሸቀጥ ዛሬም ከእሷ ይነሣል። የተመለሰላት ግን ወደቡ ነው፤ ደሴቲቱ ላይ አንድም ሱቅ አላየንም።

ክርክሩ ሳያልቅ ስልክ ተደወለ፤ መርከቡ ገብቷል። ለቡናው ልንከፍል ብንል ሽማግሌው ተቆጡ። ይልቅ ቡናቸውን ድሮ ከሐበሻ ያገኙት እንደነበር፣ አሁን የሚሸጥላቸው ከየት እንደሚመጣ እንደማያውቁ ነገሩን። ዕቃችን ተቆጥሮ ሲያልቅ አንድ ካርቶን ጎደለ፤ እስካሁን እየተጨቃጨቅንበት ነው። በሚቀጥለው ወር ስንወርድ ሁለት ኪሎ የጅማ ቡና ይዘን እንሄዳለን።