ጀሞ፦ በዕጣ የተሰበሰበ ሰፈር

ብዙዎቻችሁ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስለምትኖሩ፣ ዛሬ ስለ አንዱ የኮንዶሚኒየም ሰፈር፣ ስለ ጀሞ፣ እናውጋ።

የድሮ አዲስ አበባ ሰፈር የሚቆረቆረው ሰው ሰውን እየሳበ ነበር። ሠራተኛ ሰፈር የእጅ ባለሙያዎች ሰፈሩበት፤ መርካቶ አካባቢም አንዱ ነጋዴ ሲደላደል የአገሩን ልጅ እየጠራ መንደር ሆነ። ጀሞን የሰበሰበው ግን ዕጣ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1996 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ1997 ምዝገባ ሲከፈት ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለየ። በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ገበሬ ሲያርሰው በኖረ መሬት ላይ፣ አብዛኞቹ ባለ አራት ፎቅ የሆኑ ሕንፃዎች ተደረደሩ። (የገበሬው ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።) የፒያሳውና የመርካቶው ሰው ሳይተዋወቁ በአንድ ደረጃ መውጣት ጀመሩ።

በነባሩ ሰፈር ግቢ ሁሉን ይችላል፦ በርበሬ ይሰጣበታል፣ እንጀራ ይጋገርበታል፣ በግ ይታረድበታል፣ የለቅሶ ድንኳን ይተከልበታል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይህ ሁሉ የት ይደረጋል? ንድፉን ያወጡት ሰዎች አስበውበታል፤ በሕንፃዎቹ መሐል ለማረጃ፣ ለማብሰያና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ቤት ሠሩ። እንደኛ እይታ ጀሞን ሰፈር ያደረገው ይህ ቤት ነው። በዒደል አድሓ ጠዋት ቢላ የተዋዋሱ ሰዎች በማግስቱ በስም ይጠራራሉ። እኛ ለዒድ፣ ክርስቲያኑ ጎረቤት ለፋሲካ፣ የምናርደው እዚያው ወለል ላይ ነው። ሐዘን ሲመጣም እድሩ ወንበር የሚደረድረው እዚያው ነው።

ዕጣ የደረሰው ሁሉ ግን ቤቱ አልገባም። ቅድመ ክፍያውና የባንኩ ዕዳ የከበደው አከራየ፤ ለ5 ዓመት መሸጥ ክልክል ነበር፣ ማከራየት ግን አልተከለከለም። በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ደግሞ ማኅበሩን የባለቤቶች አደረገው። እናም ተከራዩ ለጥበቃና ለጽዳት እያዋጣ፣ ስለ ጋራ ቤቱ ሲወሰን ድምፅ የለውም። ሌላ ሰፈር የሚኖረው ባለቤት ግን ድምፅ አለው፤ የጋራ ቤቱ ለመጋዘን ቢከራይም የእርሱ በግ የሚታረደው ሌላ ቦታ ነው። ይህ እንደኛ እምነት ትክክል አይደለም፤ የጎረቤት ሐቅ በቤት ካርታ አልተወሰነም።

ኮሚቴያችሁ ከዒድ በፊት ሲሰበሰብ ተከራዮችም ይግቡ ብላችሁ ጠይቁ። የጋራ ቤቱ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለም አጣሩ።