ክረምት የሚቀጥረው፣ በጋ የሚያሰናብተው የጋምቤላ ሠራተኛ

ባሮ ሲሞላ ጋምቤላ ሥራ ነበረ፤ ባሮ ሲጎድል ሥራውም ይጠፋ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዞች በ1894 ዓ.ም. በተፈራረሙት ውል መሠረት በወንዙ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ መርከቦች በየክረምቱ ከካርቱም እየመጡ ጨውና ጨርቅ ያራግፉ፣ ከጎሬና ከሳዮ ደጋ የወረደውን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር።

ጉዞው ሽቅብ 11፣ ቁልቁል 7 ቀን ይፈጅ ነበር። መርከቡ ውሃው ሳይሸሽ መውጣት አለበት፤ ከዘገየ አሸዋ ላይ ቀርቶ ቀጣዩን ክረምት ሊጠብቅ ይችላል። በዚያች ጥድፊያ የቡናውን ጆንያ ከመጋዘን አውጥቶ መርከቡ ላይ የሚጭነው ተሸካሚ ትልቅ አቅም በእጁ ነበር፤ አንድ ቀን ቢያቆም ነጋዴውም ካፒቴኑም ይጨነቃሉ። ሆኖም ክረምቱ ሲያልቅ ሁሉም በየፊናው ይበተናል። ከርሞ አብሮት የሚሸከመው ማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ከማን ጋር ይመክራል?

መርከቦቹን ያንቀሳቅስ የነበረው የሱዳን ምድር ባቡር ነው። በሱዳን አትባራ ከተማ የነበሩ የዚሁ ድርጅት ሠራተኞች በሐምሌ 1939 ዓ.ም. ሰልፍ ወጥተውና ሥራ አቁመው ለማኅበራቸው ዕውቅና አስገኙ፤ በ1940 ዓ.ም. ደግሞ ከአንድ ወር በላይ ሥራ አቆሙ። የአትባራው ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ወርክሾፕ ይሠራ ነበር፤ ጎረቤቱም የሥራ ባልደረባው ነበር። የጋምቤላው ተሸካሚ ይህን አላገኘም።

የጋምቤላው ጣቢያ በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. በጠራው ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማም አገሪቱን ቀጥ አድርጎ ያዘ። ይሁንና የ1956ቱ የሠራተኛ ሕግ ማኅበር ለማቋቋም በአንድ ድርጅት 50 ሠራተኛ ይጠይቅ ነበር። ይህ ለፋብሪካ ይመቻል፤ ለወቅት ሥራ ግን አይሆንም።

በ2000ዎቹ ዓመታት ወደ ጋምቤላ ሰፋፊ እርሻዎች መጡ። የሕንዱ ኩባንያ ካሩቱሪ በኢታንግና አካባቢው 100,000 ሄክታር ሲከራይ ዋጋው በውሉ ላይ በግልጽ ሰፍሯል፤ ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር። በአረምና በአጨዳ ለሚውለው የቀን ሠራተኛ ግን ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል የሕግ ወለል አልነበረም። ውሉ በ2008 ዓ.ም. ሲሰረዝ መንግሥትና ኩባንያው ስለ መሬቱ ተከራከሩ። የሠራተኛው ነገር በዚያ ሙግት ውስጥ ጎልቶ አልተሰማም፤ ይህ ሊያስቆጭ ይገባል።

አሁን ሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ማኅበር ለመመሥረት 10 ሠራተኛ ይበቃል ይላል። ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋምም ደንግጓል፤ ወለሉ ግን ለዓመታት ሳይወሰን ቆየ። በጋምቤላ ለአቦቦና ለኢታንግ የእርሻ ሠራተኛ ሁለቱ ድንጋጌዎች ተነጥለው ብዙ አይጠቅሙም። አምና ማኅበር የመሠረተ ሰው ዘንድሮ ካልተቀጠረ፣ ወለሉ ቢወሰን እንኳ የሚያስከብርለት የለም፤ ስለዚህ ከአሠሪው ጋር የሚደረገው ድርድር መጀመር ያለበት ያለፈው ወቅት ሠራተኛ በሚቀጥለው ቅድሚያ እንዲያገኝ ከመጠየቅ ነው።