አንድ ቃል ኪዳን፣ ሁለት ሚዛን

በካምፓላ በናሚሬምቤና በሩባጋ ኮረብቶች ላይ የታነጹት አብያተ ክርስቲያናት፣ ወንድም ሴትም በትዳር ታማኝ ሆነው ለመኖር በመሠዊያ ፊት ቃል የሚገቡበትን ሥርዓት አስተማሩ። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው የመጀመሪያ መልእክቱ ባልና ሚስት አንዳቸው በሌላቸው ሥጋ ላይ ሥልጣን እንዳላቸው ጽፏል።

ሕጉ ግን ይህን ቃል በሁለት ሚዛን መዘነው። እ.ኤ.አ. በ1904 የወጣው የኡጋንዳ የፍቺ ሕግ፣ ባል የሚስቱን ምንዝር ብቻ አስረድቶ እንዲፈታ ፈቀደ። ለሚስት ግን የባሏ ምንዝር ብቻውን አይበቃትም ነበር፤ ጭካኔን ወይም ጥሎ መሄድን የመሰለ ሌላ በደል ጨምራ ማስረዳት ነበረባት። ልዩነቱ ከ1857ቱ የእንግሊዝ ሕግ የተወረሰ ነው። እንግሊዝ በ1923 ብትሽረውም በኡጋንዳ ጸንቶ ቆየ።

የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በጋብቻም ሆነ በፍቺ እኩል መብት ደነገገ። የኡጋንዳ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ይህንኑ መሠረት አድርጎ አቤት አለ፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም በ2004 ልዩነቱን ሻረ።

ነገሩ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ሲያደርግ፣ የ2000ው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የቤቱን አመራር ለሁለቱም ሰጥቷል።

በካምፓላ ግን በመሠዊያ ፊት የተሰጠው ቃል በችሎት ፊት በአንድ ሚዛን እስኪመዘን መቶ ዓመት ፈጀ።