ዜና አሳላፊዎች፤ የማዕድ አገልጋዮች በማኅበር ለመቆም እንደ ደከሙ

የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ግብር በገባ ጊዜ ስንት ሰንጋ እንደ ታረደ፣ ስንት ጋን ጠጅ እንደ ተቀዳ፣ ማን በንጉሡ ቀኝ ማንስ በግራ እንደ ተቀመጠ ይነግረናል። ያን ሰንጋ ያወራረደውን፣ ጋኑን በትከሻው ያወጣውን፣ እንጀራውን የጋገረችውን ግን አያነሣም። ይህ ጽሑፍ ስለ እነርሱ ነው። በወሎ ምድር፣ በደሴና በኮምቦልቻ፣ በኩታበርም መንገድ ዳር፣ ለሰው ማዕድ እየዘረጉ ራሳቸው ቆመው የዋሉ ሰዎች ለደመወዛቸው በአንድ ቃል ለመናገር መብት እንዴት እንዳገኙ፣ መብቱም እስከ ደጃቸው እስኪደርስ ስንት ዘመን እንደ ፈጀ እንጽፋለን።

በ1906 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በግንቦት ወር ራስ ሚካኤል በደሴ የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ነገሡ። የእርሳቸው ታላቅ የግብር አዳራሽ አይጠየፍ ይባላል፤ መኳንንቱም ድኻውም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ይገባበት ነበርና። በዚያ አዳራሽ አሳላፊው፣ ጠጅ ቀጂው፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ውሃ ቀጂዋ፣ ወፍጮ ፈጪዋ ሌሊቱን ሁሉ ይሠሩ ነበር። ደመወዝ የሚባል አልነበረም። አሳላፊ ከጌታው ቀለብና ልብስ ያገኝ ነበር፤ የቀናውም የማደሪያ መሬት ይሰጠው ነበር። በጓዳ ከሚፈጩትና ከሚጋግሩት ብዙዎቹ ባሮች ነበሩ፤ ይህን መሰወር አይገባም። የተበደለ አገልጋይ ቢበዛ ጌታ ለውጦ ይሄድ ነበር። ከባልንጀሮቹ ጋር ተማክሮ «ይህ ይጨመርልን» ማለት ግን እንደ አመፅ የሚቆጠር ነበር።

ከዚያ አስቀድሞ በ1898 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን አቁመው ነበር። በገንዘብ የሚበላበት ቤት መጣ፤ በገንዘብ የተቀጠረ አስተናጋጅም አብሮ መጣ።

በኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በከተማው ነበሩ። በሚያዝያ ጠላት ገባ። ጠላት ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አሥመራ የሚያልፈውን መንገድ ሠራ፤ ቺያአኦ የተባለው የሆቴል ኩባንያውም በየታላላቁ ከተማ፣ በደሴም ጭምር፣ ሆቴል አቆመ። የዘር ሕግ ስለ ወጣ ያገሩ ሰው ወደዚያ ቤት የሚገባው ሊያገለግል እንጂ ሊስተናገድ አልነበረም። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ሲወጣ ሆቴሉም መንገዱም ቀረ።

ከዚያ በኋላ የወሎን ሆቴል ያሳደገው ይህ መንገድ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደው የከባድ መኪና ጎዳና ሹፌርና ረዳት ቀንና ሌሊት ያመላልስ ነበር። ለእነርሱ ቡና ቤት ተከፈተ፣ አልጋ ተዘረጋ፣ ክትፎና ጥብስ ተሠራ። ከኩታበር፣ ከአምባሰል፣ ከተንታ ደጋ የወረዱ ልጃገረዶች በዚያ ገቡ። ማታ ደንበኛው እስኪወጣ ይቆማሉ፤ ሌሊት ከመጋዘኑ አጠገብ ይተኛሉ፤ ማለዳ ቡና ያፈላሉ። የወር ክፍያቸው በባለቤቷ ወይም በባለቤቱ በጎ ፈቃድ ላይ ያረፈ ነበር። ብርጭቆ ቢሰበር ከደመወዝ ይቆረጥ ነበር፤ ሒሳብ ቢጎድልም እንዲሁ።

አሁን የማኅበርን ነገር እንናገር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ47ኛው አንቀጽ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በፈቀደው ሥራ እንዲሰማራና ለዚያም ማኅበር እንዲያቆም ፈቀደ። የድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኞችና የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ግን ሕጉን ሳይጠብቁ አስቀድመው መሰባሰብ ጀምረው ነበር። በ1954 ዓ.ም. መገባደጃ፣ በዘመነ ማርቆስ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ድንጋጌ ቁጥር 49 ታወጀ። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አብርሃም መኰንን ሆኑ፣ ከእርሳቸው በኋላ በየነ ሰሎሞን ተተኩ። በዚያው ዓመት መንግሥት ስለ መደራጀት ነፃነትና ስለ ኅብረት ድርድር የወጡትን 87ኛውንና 98ኛውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች ተቀበለ።

ነገር ግን በድንጋጌው አንድ ቁጥር ነበረ። ማኅበር ለማቆም 50 ሠራተኛ ያስፈልግ ነበር። ወንጂ በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ስለ ነበረው ቁጥሩ አላስቸገረውም። በአዲስ አበባም ታላላቆቹ ሆቴሎች ያንን ያህል ሰው ነበራቸው። በደሴ ግን 50 አስተናጋጅ፣ 50 ወጥ ቤትና አልጋ አንጣፊ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠራበት ቤት ማን አየ? የሆቴል ሥራ በባሕርዩ ተበታትኖ የሚሠራ ነው፤ በአንድ ቤት ስድስት፣ በሌላው ስምንት ሰው ይገኛል። ስለዚህ የወሎ የማዕድ አገልጋዮች የማኅበርን ዜና በሬዲዮ እየሰሙ ያለ ማኅበር ኖሩ። የቤት ሠራተኛም ከሕጉ ውጭ ቀረች። እኔ ይህን ቁጥር ከብዙ ጭቆና ጋር የሚቆጠር በደል አድርጌ አየዋለሁ፤ መብቱ በወረቀት እያለ እጅግ ደካማ የነበሩትን ወደ ኋላ ያስቀረ እርሱ ነውና።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ጽኑ ረኃብ ሆነ። ሕዝቡ ከየገጠሩ ወደ ደሴ መንገድ ወረደ፤ በየጎዳናው ሰው ሞተ። በዚያ ወራት በሆቴል ደጅ የቆመ አስተናጋጅ ያየውን ማን ይጽፈዋል? በትሪው ሥጋ ተሸክሞ በመስኮቱ የገዛ አገሩን ሰው ያይ ነበር፤ ከወደቁትም ዘመዶቹ ነበሩ። በየካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. የአንድነት ማኅበሩ በመላ አገሪቱ የሥራ ማቆም አድማ አወጀ፤ አራት ቀንም ቆየ። የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ይወሰንልን የሚለው ከጥያቄዎቹ አንዱ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኰንን ከሹመታቸው ሳምንት በኋላ ይህ ገጠማቸው። የጥያቄውን ዕድሜ አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ ፊት ደግመን እናገኘዋለንና።

ደርግ በተነሣ ጊዜ የማኅበሩ መሪዎች የሕዝብ መንግሥት ይቋቋም አሉ፤ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ታሠሩ። በኅዳር 1968 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 64 ወጣ፣ አንድነት ማኅበሩም ፈረሰ። በ1969 ዓ.ም. የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር በምትኩ ቆመ፤ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ቴዎድሮስ በቀለ ወዲያው በጥይት ተገደሉ። ታላላቆቹ ሆቴሎች የመንግሥት ሆኑ። በእነዚያ ቤቶች የሚሠራ ሰው ቋሚ ደመወዝና ጡረታ አገኘ፤ ይህ እውነት ነው። ማኅበሩ ግን የመንግሥትን ቃል ወደ ሠራተኛው ያወርድ ነበር እንጂ የሠራተኛውን ቃል ወደ መንግሥት አያወጣም ነበር። በመንገድ ዳር ያለው የግሉ ቡና ቤት እንደ ቀድሞው ቀረ።

በ1985 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 42 ወጣ፤ ቁጥሩም ወደ 20 ወረደ። በ1986 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በዘጠኝ ፌዴሬሽኖች ቆመ። ከእነዚህ አንዱ የቱሪዝም፣ የሆቴሎችና የጠቅላላ አገልግሎት ሠራተኞች ፌዴሬሽን ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ በ42ኛው አንቀጽ የመደራጀትንና ሥራ የማቆምን መብት ጻፈ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ የባቲና የኮምቦልቻ አልጋ ቤቶች ሹፌር አጡ፣ ብዙ ሠራተኛም ያለ ማሰናበቻ ክፍያ ተበተነ። በ1996 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ አዋጅ ቁጥር 377 ወጣና ቁጥሩን ወደ 10 አወረደው። ከ10 በታች ሠራተኛ ባለባቸው ቤቶች የሚሠሩ ሰዎችም ከየቤቱ ተሰባስበው፣ አባላቱ ከ10 እስካላነሱ ድረስ፣ ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም እንዲችሉ ሆነ። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156ም ይህንኑ አጸና። ከ50 ወደ 10 ለመውረድ 42 ዓመት ፈጀ።

እዚህ ላይ ደንበኛ የሚሰጠውን የጉርሻን፣ የቲፕን ነገር ሳንናገር አናልፍም፤ የሆቴል ሠራተኛ ኑሮ በእርሱ ላይ ቆሟልና። አዋጁ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ አበል፣ ቦነስ፣ ከደንበኛም የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ ደመወዝ እንደማይባል ይደነግጋል። ስለዚህ አሠሪ «ቲፕ ታገኛላችሁ» ብሎ ደመወዝን መንፈግ አይገባውም። ሌላም ወገን አለው። የዓመት ዕረፍት፣ የወሊድ ፈቃድ፣ የጡረታ መዋጮ፣ የስንብት ክፍያ ሁሉም የሚሰላው በደመወዙ ነው። በወር ከምታገኘው ብዙውን ከጉርሻ የምታገኝ አስተናጋጅ አዋጁ የሰጣትን የ120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ስትወስድ የሚከፈላት በመዝገብ የሰፈረው ትንሹ ደመወዝ ብቻ ነው። ልጅ በወለደችበት ወር ገቢዋ ከሁሉ ያንሳል።

በወሎ ደግሞ ጉርሻ ከጾም ጋር ይወርዳል። በሁዳዴ የክርስቲያኑ፣ በረመዳን የእስላሙ ምሳ ይቀራል። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ በመጋቢት 2፣ ገቡ። የደሴ ምግብ ቤት በቀን ባዶ ሲውል ቤት ኪራይ ግን ለጾም አይቀነስም። ማታ ደግሞ ለኢፍጣር የሚመጣውን ለማስተናገድ ቀኑን የጾመችው አስተናጋጅ ራሷ ቆማ ታድራለች። በፋሲካ፣ በአረፋ፣ በገና፣ በመውሊድ ሌላው ከቤተ ሰቡ ጋር ሲቀመጥ እርሷ ሥራ ላይ ናት፤ ሕጉ በሕዝብ በዓል ለሠራ የሰዓቱ ክፍያ እጥፍ ነው ይላል። ይህን እጥፍ የሚጠይቅላት ማን ነው? ብቻዋን ብትጠይቅ «ሌላ ሰው ሞልቷል» ትባላለች። አሥር ሆነው ቢጠይቁ ነገሩ በኅብረት ስምምነት ይጻፋል። የዓለም ሥራ ድርጅትም በ1991 እ.ኤ.አ. ስለ ሆቴልና ምግብ ቤት ባወጣው በ172ኛው ስምምነት ጉርሻ ኖረ አልኖረ ሠራተኛው በየጊዜው የሚከፈል መሠረታዊ ደመወዝ እንዲኖረው ይላል።

ማኅበር ያላቸውም ቢሆኑ መከራ አይተዋል። በ2007 ዓ.ም. የሸራተን አዲስ ሆቴል ማኅበር ከአስተዳደሩ ጋር በኅብረት ስምምነት ሲከራከር ከ60 የሚበልጡ ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ የማኅበሩ መሪዎችም ከእነርሱ ጋር ነበሩ። መቀመጫው ጄኔቫ የሆነው የምግብ፣ የእርሻና የሆቴል ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ማኅበርም ስለ እነርሱ ዘመቻ አደረገ። የማኅበር አባል መሆን ለስንብት ምክንያት እንደማይሆን በዚያ ጊዜ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377 በግልጽ ጽፎ ነበር። ሕጉን የማስከበር ሥራ እንግዲህ ሕጉን ከማውጣት የከበደ ሆኖ ተገኘ።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ ሆቴሎች ባዶ ሆኑ። ያን ጊዜ መንግሥት፣ አሠሪዎችና ኮንፌዴሬሽኑ ሠራተኛ እንዳይበተን የሦስትዮሽ ስምምነት ፈረሙ፣ የአስቸኳይ ጊዜው ደንብም ስንብትን ከለከለ። የሥራ ውል በእጁ ያልነበረው ግን ይህን ከለላ እንዴት ያስመስክር?

በ2014 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በትግራይ የተነሣው ጦርነት ወደ ኩታበር ደረሰ፤ በአምባው ላይ ብርቱ ውጊያ ሆነ፣ ሕዝቡም ወደ ደሴ ሸሸ። በጥቅምት መጨረሻ የሕወሓት ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ያዙ፤ በኅዳር 27 ከተሞቹ ወደ መንግሥት እጅ ተመለሱ። በመካከሉ ፋብሪካው፣ ሆስፒታሉ፣ ሆቴሉ ተዘረፈ፤ አልጋና ፍራሹ፣ ማቀዝቀዣና የቡና ማሽኑ ሄደ። ባለሆቴሉ ንብረቱን አስቆጠረ። ሠራተኛው ግን ያጣው ሥራ በማን መዝገብ ይቆጠርለት? ማኅበር ቢኖር የእነማን ደመወዝ እንደ ቀረ፣ ማንስ ቀድሞ ወደ ሥራው መመለስ እንዳለበት ዝርዝር የሚይዝ ሰው በኖረ ነበር።

የደመወዝ ወለል ጥያቄ፣ ያ የ1966ቱ፣ ደግሞ ተነሣ። አዋጅ ቁጥር 1156 ወለሉን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም አዝዟል። ኮንፌዴሬሽኑ በካሳሁን ፎሎ መሪነት ይህንና የግብር ቅነሳን ሲጠይቅ ኖረ፤ በ2015 ዓ.ም. የሠራተኞች ቀን ሰልፍ እንኳ ፈቃድ አጥቶ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ግብር የማይከፈልበት ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ።

እንግዲህ ለኩታበር የማዕድ አገልጋይ ማኅበር የማቆሚያው መንገድ ይህ ነው። በአንዱ ቤት ሁለት አስተናጋጅ፣ በሌላው አንዲት ወጥ ቤትና አንድ ዘበኛ፣ በሦስተኛው አልጋ አንጣፊና ቡና አፍይ ይሰበሰባሉ። አሥር ሲሞሉ መሪዎቻቸውን ይመርጣሉ፤ የማኅበሩን ደንብ፣ የመሪዎቹን ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይዘው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይሄዳሉ። መሥሪያ ቤቱ ሰነዱን መርምሮ በ15 ቀን ውስጥ የምስክር ወረቀት መስጠት አለበት። በእነዚያ ቀኖች ውስጥ መልስ ሳይሰጥ ቢቀር ማኅበሩ እንደ ተመዘገበ ይቆጠራል፤ የመጀመሪያ ደብዳቤያቸውንም በዚያው ሳምንት ለአሠሪዎቻቸው መጻፍ ይችላሉ።